ሎግኦፍ ስትሉት ሰርቨሩን የሚያጠፋው ሲስተም፦ ዜድ/ቪኤም ከውስጥ

ቴሌግራም ላይ ሎግ አውት ብትሉ የሚበላሽ ነገር የለም። ግሩፑ ይቀጥላል፣ ሜሴጁ ይጠራቀማል፣ ስትመለሱ ሁሉም እንዳለ ነው። ዛሬ የምናወራችሁ ሲስተም ላይ ግን አዲስ አድሚን ሥራውን ጨርሶ እንደ ጨዋ ሰው «ሎግኦፍ» ብሎ ይወጣል፤ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ አንድ ሙሉ ሰርቨር ድርግም ይላል። ቫይረስ የለም፣ ሀከር የለም፣ መብራትም አልጠፋም። ሲስተሙ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

ስሙ ዜድ/ቪኤም ነው። የሚሠራው በአይቢኤም ሜይንፍሬሞች ላይ ነው፤ ማለትም ትልልቅ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና የመንግሥት ተቋማት በሚጠቀሙባቸው ግዙፍ ማሽኖች ላይ። ሥራው ደግሞ አንዱን ማሽን ብዙ ኮምፒውተሮች አስመስሎ ማቅረብ ነው። «ክላውድ» ስትሉ ከጀርባ ያለው ሐሳብ ይኸው ነው። ስልካችሁ ውስጥም ገብቷል፦ ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ እንደ ፒክስል 6 ያሉ ስልኮች በውስጣቸው ሌላ ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን ማስነሳት ይችላሉ።

ታሪኩ ረጅም ነው፣ እኛ እናሳጥረዋለን (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። 1964 ላይ አሜሪካ ውስጥ፣ ካምብሪጅ ማሳቹሴትስ በሚገኝ የአይቢኤም ማዕከል፣ በሮበርት ክሪሲ የሚመራ ቡድን ሲፒ-40 የሚባል ሥራ ጀመረ። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ውድ ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው። እነሱም አንዱን ኮምፒውተር ለሰዎች ከመከፋፈል ይልቅ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ የሚመስል ሙሉ ኮምፒውተር እንስጠው አሉ። 1967 መጀመሪያ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። እስከ 14 ቨርቹዋል ማሽን ይይዝ ነበር፣ እያንዳንዱ 256 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበረው። በስልክ የምታነሱት አንድ ፎቶ ከዚያ ይበልጣል። 1972 ላይ ቪኤም/370 ሆኖ ወጣ፣ 2000 ላይ ዜድ/ቪኤም የሚለውን ስም ያዘ፣ ስሪት 7.4 ደግሞ 2024 ላይ ወጥቷል። ቪኤምዌር የሚባለው ኩባንያ የተመሠረተው 1998 ላይ መሆኑን ስታስቡ ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሆነ ይገባችኋል።

እንግዲህ ወደ አድሚኑ ወንበር እንምጣ።

ዩዘር ማለት ኮምፒውተር ነው

ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው። እኛ የለመድነው ዩዘር ማለት አካውንት ነው። ዜድ/ቪኤም ላይ ግን እያንዳንዱ ዩዘር አንድ ማሽን ነው፤ የራሱ ሜሞሪ፣ ፕሮሰሰር፣ ዲስክና የኔትወርክ ካርድ አለው። ሁሉም ቨርቹዋል ይሁን እንጂ ውስጡ ያለው ሊኑክስ ልዩነቱን ልብ ሳይል ሥራውን ይሠራል። ይህን ሁሉ የሚያድለውና የሚቆጣጠረው ሲፒ የሚባለው ክፍል ነው። በሲፒ ላይ የሚሠሩት ሲስተሞች «እንግዳ» ይባላሉ። ሲኤምኤስ የሚባል ትንሽ ሲስተም ደግሞ አለ፤ አድሚኑ ፋይል የሚያርመውና ትእዛዝ የሚጽፈው እሱ ውስጥ ነው።

ስለዚህ «ሎግኦን» ማለት የኮምፒውተሩን ማብሪያ መጫን ነው። «ሎግኦፍ» ማለት ደግሞ ሶኬቱን መንቀል ነው። ሊኑክሱ ፋይል እየጻፈ ይሁን፣ ሰው እያስተናገደ ይሁን፣ ሲፒ አይጠይቅም። ማሽኑን አስነስቶ ትቶት መሄድ የፈለገ አድሚን መጻፍ ያለበት «ዲስኮኔክት» ነው፣ ባጭሩ «ዲስክ» ይሉታል። ያኔ ስክሪኑ ይለቀቃል፣ ማሽኑ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ሊኑክሱ ውስጥ በኔትወርክ፣ በኤስኤስኤች ገብታችሁ ከሆነ «ኤግዚት» ብላችሁ ብትወጡ ምንም አይሆንም። አደጋው ያለው በኮንሶሉ በኩል፣ ማለትም በማሽኑ በራሱ ስክሪን ከገባችሁ ነው።

በዲስኮኔክት የተለያችሁትን ማሽን ተመልሳችሁ ስትይዙት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ከስክሪኑ ታች በስተቀኝ ማሽኑ ምን ላይ እንዳለ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ይታያል። «ረኒንግ» ካለ ደህና ነው። «ሲፒ ሪድ» ካለ ግን ማሽኑ ቆሟል፤ ሲፒ የእናንተን ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። «ቢጊን» ብላችሁ ካላስነሳችሁት ሊኑክሱ ባለበት ደርቆ ይቀራል። ሰዎች «ሰርቨሩ ተንቀራፈፈ» ብለው ይደውላሉ፣ አድሚኑ ለማየት ይገባል፣ በመግባቱ ጭራሽ ያቆመዋል! በዚሁ ሁኔታ ላይ እያለ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ደግሞ ሲፒ በተለምዶ 15 ደቂቃ ይጠብቅና ማሽኑን ራሱ ያስወጣዋል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ «ሴት ረን ኦን» የሚለውን ትእዛዝ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ ማድረግ።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን «ሸትዳውን» ነው። አይቢኤም ሲስተሙን ሲያስረክብ ሜይንት የሚባል ዩዘር አብሮ ይመጣል። ዜድ/ቪኤም ላይ መብት በፊደል ይከፋፈላል፦ ተራው ዩዘር ጂ ብቻ አለው፣ ኦፕሬተሩ ኤ አለው፣ ሌሎቹም እንዲሁ። ሜይንት ከኤ እስከ ጂ ሁሉንም ይዟል። አሁን አስቡት፦ አድሚኑ ሁለት መስኮት ከፍቷል፣ በአንዱ ሊኑክስ፣ በሌላው ሜይንት። ሊኑክሱን ሊያጠፋ ፈልጎ «ሸትዳውን» ይላል፣ ግን እጁ ያለው ሜይንት ላይ ነው። ሲኤምኤስ ቃሉን አያውቀውም። የማያውቀውን ትእዛዝ ደግሞ «ምናልባት ያንተ ይሆናል» ብሎ ወደ ሲፒ ያሳልፈዋል። ሲፒ ያውቀዋል። ሜይንትም መብቱ አለው። አንዱን ሰርቨር ሊያጠፋ የመጣ ሰው በላዩ ያሉትን እንግዶች በሙሉ ይዞ ይወርዳል።

ይህን የሚከላከል መቼት አለ። ሲስተም ኮንፊግ በሚባለው ፋይል ውስጥ «ቫሊዴት ሸትዳውን» የሚለውን ካበራችሁት ሲፒ ዝም ብሎ አይወርድም፤ የሲስተሙን ስም ጨምራችሁ እንድትጽፉ ያስገድዳል። እንደኛ እንደኛ ይህ መጀመሪያውኑ በርቶ መምጣት ነበረበት። አይመጣም፣ አድሚኑ ነው የሚያበራው።

አንድ መሬት፣ ሁለት ካርታ

ማሽን የሚወለደው በጽሑፍ ነው። ዩዘር ዳይሬክት የሚባል ፋይል አለ፤ በሲስተሙ ላይ ያሉት ማሽኖች በሙሉ እዚያ ተመዝግበዋል። አዲስ ሰርቨር ሲፈለግ የሚገዛ ዕቃ የለም፣ ኤክስኢዲት በሚባለው ጽሑፍ ማረሚያ ጥቂት መስመር ይጻፋል። የመጀመሪያው መስመር ስሙን፣ ፓስወርዱን፣ ሲነሳ የሚያገኘውን ሜሞሪ፣ ሊደርስበት የሚችለውን ጣሪያና የመብት ፊደሉን ይይዛል፤ ለምሳሌ 4 ጊጋ፣ 8 ጊጋ፣ ጂ። ቀጥሎ ዲስክና ኔትወርክ ይገባል። ኔትወርኩ ቀላል ነው፦ ቪስዊች የሚባል በሶፍትዌር የተሠራ ስዊች ላይ ይሰካል፣ በቃ። አደጋው ያለው ዲስኩ ላይ ነው።

ዜድ/ቪኤም አንድን ትልቅ ዲስክ ሸንሽኖ ለእንግዶች ያድላል። ሽንሻኖው ሚኒዲስክ ይባላል፣ የሚለካው በሲሊንደር ነው። አንድ የተለመደ የ3390 ዲስክ 10,017 ሲሊንደር አለው እንበል፤ ቁጥራቸው ከ0 እስከ 10,016 ነው። ሲሊንደር 0 አይነካም፣ የዲስኩ መታወቂያ ያለው እዚያ ነው። ለመጀመሪያው ሰርቨር ከ1 ጀምሮ 5,000 ሲሊንደር ሰጣችሁ። ሁለተኛው ከስንት ይጀምራል? ቸኩሎ «ከ5,000» የሚል አይጠፋም። ልክ አይደለም። የመጀመሪያው ከ1 እስከ 5,000 ድረስ ይዟል፣ ሁለተኛው መጀመር ያለበት ከ5,001 ነው።

በአንድ ቁጥር ስህተት አንድ ሲሊንደር፣ ወደ 850 ኪሎባይት የሚጠጋ ቦታ፣ ሁለት ባለቤት አገኘ። መሬት ላይ ሁለት ካርታ ሲወጣ ምን እንደሚከተል እናንተ ታውቃላችሁ፤ ሁለቱም ወገን ሕጋዊ ወረቀት አለው፣ ሁለቱም የራሱን ይሠራል። እዚህም እንደዚያው ነው፦ አንዱ ሰርቨር የጻፈውን ሌላው ይጽፍበታል። የሚያናድደው ደግሞ ወዲያው ላይታወቅ መቻሉ ነው። ዲስኩ ገና ስላልሞላ ያ የመጨረሻ ሲሊንደር ባዶ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ከሳምንታት በኋላ አንዱ ዳታቤዝ ሲያድግ እዚያ ይደርሳል፣ በማግስቱ የሌላኛው ሰርቨር ፋይል ተበላሽቶ ይገኛል። ማን ያገናኘዋል?

ሲስተሙ ለምን አይከለክልም? ምክንያቱም መደራረብ ሆን ተብሎ የሚደረግበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ ሜይንት አንድን ዲስክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲያይ ሲፈለግ። ስለዚህ ሲፒ «ሰውዬው የሚያደርገውን ያውቃል» ብሎ ያልፋል። አድሚኑ ነው ዲስክማፕ የሚባለውን ፕሮግራም አስነስቶ ማየት ያለበት፤ እሱ ክፍት ቦታዎችንና መደራረቦችን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ፋይሉን ሲስተሙ እንዲቀበለው የሚያደርገው ትእዛዝ ዳይሬክትኤክስኤ ይባላል፤ «ኤዲት» የሚል አማራጭ ካከላችሁበት የአጻጻፍ ስህተት ብቻ አይቶ ይመልስላችኋል እንጂ ሥራ ላይ አያውለውም። ግን ልብ በሉ፣ የአጻጻፍ ስህተት እንጂ የካርታ ጭቅጭቅ አያይም። ዲርሜይንት የሚባለው የአይቢኤም ተጨማሪ ሶፍትዌር ያለው ቤት ቦታ ምደባውን ለእሱ ይተዋል፣ እውነት ለመናገር እፎይ ነው።

ሌላም አለ። እያንዳንዱ ሚኒዲስክ በምን ዓይነት መብት እንደሚያያዝ በሁለት ፊደል ይጻፋል። ኤምአር ካላችሁ፣ ሌላ ሰው እየጻፈበት ከሆነ ለእናንተ ለንባብ ብቻ ይሰጣችኋል። ኤምደብሊው ካላችሁ ግን ሌላ ሰው ኖረም አልኖረም መጻፍ ትችላላችሁ። የአር እና የደብሊው ልዩነት የአንድ ፊደል ነው፣ ውጤቱ ግን አንድ ደብተር ላይ ሁለት ሰው ሳይተያይ እንደመጻፍ ነው። ለዚያ የተዘጋጀ ሶፍትዌር ከሌለ ዲስኩ ይበላሻል።

ስለ ፓስወርድም እንንገራችሁ። ራክኤፍን የመሰለ የደኅንነት ሶፍትዌር ካልተጫነ፣ በዩዘር ዳይሬክት ውስጥ ያሉት ፓስወርዶች በግልጽ ጽሑፍ ነው የተቀመጡት። ያ ፋይል ያለበትን ዲስክ ማንበብ የቻለ ሰው ሁሉንም ያያል። ቢያንስ ማድረግ የሚቻለው፣ እንደ ሜይንት ባሉት ዩዘሮች የፓስወርድ ቦታ ላይ «ኤልባይኦንሊ» የሚለውን ቃል መጻፍ ነው። ያኔ በሜይንት ፓስወርድ መግባት የሚባል ነገር አይኖርም፤ እያንዳንዱ አድሚን በራሱ ስምና በራሱ ፓስወርድ አልፎ ነው ሜይንትን የሚይዘው። ሌሊት ላይ ማን እንደገባ ሲጠየቅ «ሜይንት» የሚል መልስ ለማንም አይጠቅምማ።

ደግሞም ፋይሉን ቀይራችሁ የሊኑክሱን ሜሞሪ ከፍ ብታደርጉ፣ ሊኑክሱን ሪስታርት ማድረግ አይበቃም። ሪስታርት የሚያደርገው ውስጡ ያለው ሲስተም ነው እንጂ ማሽኑ አይደለም። ማሽኑ አዲሱን ምዝገባ የሚያየው ሎግኦፍ ብሎ እንደገና ሎግኦን ሲል ነው። አዎ፣ ያ አስፈሪው ቃል እዚህ ቦታው ነው፤ መጀመሪያ ሊኑክሱን በሥርዓት አጥፍታችሁ።

ትርፍ የጫነ ሚኒባስ

ዜድ/ቪኤም ከሚመሰገንበት ነገር አንዱ ከሌለው በላይ ማደል መቻሉ ነው። 64 ጊጋ ሜሞሪ ያለው ሲስተም ላይ ድምራቸው 100 ጊጋ የሚሆን እንግዶችን ማስነሳት ትችላላችሁ። የሚሠራውም ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይጠቀሙ ነው። 12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ 16 ጭኖ ሲሄድ እንደምታዩት፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፣ ይሄዳል። ሲፒም ያልተነካ ሜሞሪ ሲያገኝ ወደ ዲስክ አውጥቶ ለፈላጊው ይሰጣል፤ ፔጂንግ ይባላል።

ጣጣው ሊኑክስ የሰጣችሁትን ሜሞሪ ባዶ የማይተው መሆኑ ነው። የተረፈውን ሁሉ ያነበባቸውን ፋይሎች ለማስቀመጫ ይጠቀምበታል። ላፕቶፕ ላይ ጎበዝ ነው፣ እዚህ ግን የሁሉም ሸክም ነው፤ እያንዳንዱ እንግዳ ሁለት ወንበር ይዞ እንደመቀመጥ ነው። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው አድሚኖች ለሊኑክስ ሜሞሪ ቆጥበው የሚሰጡት። ትንሽ ስዋፕ ማድረግ እስኪጀምር ድረስ ይቀንሱለታል፣ ለስዋፑ ደግሞ ቪዲስክ የሚባል ሜሞሪ ላይ የሚኖር ፈጣን ዲስክ ይሰጡታል። «ሜሞሪ በጨመርክ ቁጥር ይፈጥናል» የሚለው የስልክ ሒሳብ እዚህ አይሠራም።

ወደ ዲስክ የሚወጣውም ቦታ ገደብ አለው። ካለቀ ሲፒ የሚያስቀምጥበት ያጣል፣ ራሱ ይወድቃል፤ ሲወድቅ የሚያሳየው ኮድ ፒጂቲ004 ነው። ሲፒ ወደቀ ማለት በላዩ ያለ ሁሉ ወደቀ ማለት ነው። «ኩዌሪ አሎክ ፔጅ» የሚለው ትእዛዝ ስንት ፐርሰንት እንደተያዘ ይናገራል፣ ማየት ደግሞ ሰከንድ አይፈጅም።

ያ የገና ዛፍ

ቨርቹዋል ማሽኖቹ ከድሮው ዘመን የወረሱት ዕቃ አለ፦ የካርድ ማንበቢያ፣ የካርድ መብሻና ፕሪንተር። ካርዱ ከጠፋ ቆይቷል፣ አሠራሩ ግን አለ። አንዱ ማሽን ለሌላው ፋይል ሲልክ በተቀባዩ ማንበቢያ ላይ ያርፋል፤ ኢንቦክስ በሉት።

ታኅሣሥ 1987 ላይ በብዙ ኢንቦክሶች ውስጥ አንድ ፋይል ተገኘ። ስሙ ክሪስትማ ነበር፤ ሲኤምኤስ የፋይል ስም ከ8 ፊደል በላይ ስለማይቀበል መጨረሻው ተቆርጦ ነው። በሬክስ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን የጀመረው ከጀርመኑ ክላውስታል የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ፋይሉን ያስነሳ ሰው ስክሪኑ ላይ በፊደል የተሠራ የገና ዛፍ ያያል። በጀርባ ደግሞ ፕሮግራሙ የሰውየውን የአድራሻ መዝገብ ከፍቶ፣ ለሚያውቃቸው ሁሉ ራሱን ይልካል። የሚያውቁት ሰው የላከው ስለሆነ እነሱም ከፈቱት። የአውሮፓና የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲዎች የሚያገናኙት ኔትወርኮች፣ በመጨረሻም የአይቢኤም የራሱ የውስጥ ኔትወርክ ተጨናነቁ። «ይህን ሊንክ ለ10 ሰው ላኩ» የሚለው ጨዋታ ስልክ ላይ የተጀመረ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም።

ለአድሚኑ የሚቀረው ሥራ ታዲያ ያው ነው፦ እነዚህ ፋይሎች የሚያርፉበት ስፑል የሚባለው ቦታም ይሞላል፣ እሱንም በ«ኩዌሪ አሎክ ስፑል» ማየት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ «ማን ይነካዋል?» እንዳትሉ፣ ሲስተሙ ለመለማመጃ የሚሆን ድንቅ ነገር አለው፦ ዜድ/ቪኤም በዜድ/ቪኤም ውስጥ እንግዳ ሆኖ ይነሳል። ጠንቃቃ አድሚን አዲሱን ስሪት ወይም አዲሱን ሲስተም ኮንፊግ መጀመሪያ እዚያ ይሞክራል። ቢወድቅም የሚወድቀው አንድ እንግዳ ነው። ከ2011 ወዲህ ደግሞ የተቀናጁ ዜድ/ቪኤሞች ካሉ፣ እየሠራ ያለን ሊኑክስ ሳያጠፉ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። ትእዛዙ ቪኤምሪሎኬት ነው፤ «ቴስት» ብላችሁ ከጀመራችሁ ሳያንቀሳቅሰው «ይሄዳል፣ አይሄድም» ይላችኋል።

ሜይንፍሬም የሌላችሁስ? (ማለትም ሁላችንም።) ሄርኩለስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ሮጀር ባውለር 1999 ላይ ነው የጀመረው። ላፕቶፕን እንደ ሜይንፍሬም ያስመስለዋል። በላዩ ላይ የ1970ዎቹን ቪኤም/370 መጫን ትችላላችሁ፤ አድናቂዎች አሰናድተው «ኮሚዩኒቲ ኤዲሽን» በሚል ስም በነፃ ያካፍሉታል። ከዛሬው ዜድ/ቪኤም ብዙ ነገር ይጎድለዋል፣ ግን ሲፒ አለ፣ ሲኤምኤስ አለ፣ ዩዘር የሚመዘገብበት ፋይልም አለ። ገብታችሁ «ኩዌሪ ኔምስ» በሉ፣ የተነሱት ማሽኖች ስም ይዘረዘርላችኋል። ቀጥሎ አንድ ትንሽ ዩዘር መዝግቡ፣ ሲሊንደሩን ቁጠሩ፣ ከዚያ «ሎግኦፍ» እና «ዲስኮኔክት» እያላችሁ ልዩነቱን እዩ። የት ላይ እንደተቸገራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ተራ በተራ እናየዋለን።